ካሊዮቫ ለእህቱ ገንዘብ የላከበት ቀን

ካሊዮቫ ከእህቱ ከሳላኒዬታ ጋር አፍ ለአፍ ከተነጋገረ አርባ ሁለት ዓመት አልፎታል። ተጣልተው እንዳይመስላችሁ፤ እንደ እሷ የሚወደው ሰው የለውም። በታቬዩኒ ደሴት ወንድምና እህት ነፍስ ካወቁ በኋላ አይነጋገሩም፣ መከባበር ማለት ይኸው ነው። እሷ በአንዱ በር ስትገባ እሱ በሌላው ይወጣል። የሚባባሉት ነገር ካለ በሚስቱ በኡናይሲ በኩል ያልፋል። ሳላኒዬታ አግብታ ዋና ከተማው ሱቫ ከገባች ወዲህም ወሬውን ኡናይሲ በስልክ ታቀብላለች፣ ገንዘቡን ካሊዮቫ በስልኩ ይልካል። ለለቅሶም ለሠርግም ስንት ጊዜ ልኳል፣ አመንትቶ አያውቅም።

በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ግን አመነታ። ኔትወርክ ከሚያዝበት ከኮረብታው ዛፍ ሥር ከሚስቱ ወንድም ከዋይሳሌ ጋር ቁጭ ብሎ ሳለ፣ ከማያውቀው ቁጥር መልእክት ገባለት።

«ሳላኒዬታ ነኝ። ስልኬ ጠፍቶ በሰው ስልክ ነው የምጽፈው። ላይሳኒ ደሟ ተመርዞ ሆስፒታል ተኝታለች። መድኃኒቱን ከውጭ ግዙ ብለውናል፣ ስድስት መቶ አርባ ዶላር ነው። ከቀትር በፊት ካላገኘች ያሰጋታል። በዚሁ ቁጥር ላክልኝ።»

ላይሳኒ የእህቱ ልጅ ናት። በአገሩ ወግ የእህት ልጅ ከአጎቷ ቤት ያማራትን አንስታ ብትሄድ ተቆጪ የላትም። ላይሳኒ ደግሞ በመብቷ የምትቀልድ ልጅ አልነበረችም፤ የካሊዮቫን ዶሮዎች ስንቱን ፈጅታቸዋለች። እሱም እየሳቀ ያስይዛት ነበር።

በስልኩ ያለው ሰባት መቶ ዶላር ነው። አራት ዓመት ከመሬት የቆየ፣ ተወቅጦ የሚጠጣ የያንጎና ሥር አርብ ዕለት ነቅሎ ሸጦ ያገኘው፣ ዐውሎ ነፋስ ለገነጠለው ጣሪያ ቆርቆሮ የሚገዛበት ነው። ሬዲዮው ደግሞ ሌባ በዝቷል፣ የሰውየውን ድምፅ ሳትሰሙ ሰባራ ሳንቲም እንዳትልኩ እያለ ጠዋት ጠዋት ይለፍፋል። ለሌላው ሰው ጥሩ ምክር ነው። ካሊዮቫ የእህቱን ድምፅ ከየት ያምጣ?

«እንዳትልክ!» አለ ዋይሳሌ መልእክቱን አንብቦ። «አብደሃል እንዴ አማቼ? ባለፈው ለኔም የመጣልኝ እኮ ይኸው ነው፣ ቃል በቃል!»

«እስኪ አንተ ደውልና አጣራልኝ።»

«እኔ ድምፅዋን የት አውቄ? እኔ እዚህ ስመጣ እሷ ሄዳለች። ደግሞ ድምፅ ምን ያደርግልሃል? የኔ ሌባ አናግሮኛል እኮ! አጎቴ እያለ አለቀሰ፣ ማለ፣ ተገዘተ። እናትህ ደህና ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እናቴ ከሞተች ሰባት ዓመቷ! እኔ ጅሉ፣ ደህና ናት ብዬ መለስኩ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ካሊዮቫ በዚህ ነገር ሳምንቱን ሙሉ ያሾፍበት ነበር። አሁን ዓይኑ ባሕሩ ላይ ነው። ኡናይሲ ከሴቶቹ ጋር ኦክቶፐስ ልትይዝ ርቃ ሄዳለች፣ የሸሸው የባሕር ውኃ ተመልሶ ሳይሞላ አትመለስም። ውኃው የሚሞላው ከቀትር በኋላ ነው።

ልኮ ገንዘቡ የሌባ ሲሳይ ቢሆን፣ የዝናቡን ወራት ያለ ጣሪያ ያሳልፉታል። ባይልክና እውነት ቢሆንስ? የላይሳኒ አስከሬን በመርከብ ሲመጣ ታየው። ሳላኒዬታ ከራስጌው ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ለምን ሳትልክ ቀረህ ብላ እንኳ ልትጠይቀው አትችልም። ይኼኛው ፍርሃት ከሌላው ሁሉ የባሰ ሆነበት።

ደወለ።

«ሃሎ?» አለች አንዲት የማያውቃት ሴት። «ሃሎ! ዝም ይላል እኮ… እንቺ፣ ያንቺ ሰው ሳይሆን አይቀርም።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተሰማው። ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

«ጠይቃት!» አለ ዋይሳሌ በሹክሹክታ። «የአያትህን ስም ጠይቃት!»

ካሊዮቫ አልጠየቀም። ጆሮውን ስልኩ ላይ ለጥፎ፣ አሁን ልቅሶው ይጀምራል፣ አሁን መሐላው ይመጣል እያለ ጠበቀ። አልመጣም። የሰው ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፣ ቁርጥ ቁርጥ የሚል። አንዴ ሲቃ መሰለውና እሱም ወዲያው ታፈነ። የትኛው ሌባ ነው እንዲህ ዝም የሚል?

ዘጋውና መላኪያውን ከፈተ። ቁጥሩን ሲያስገባ የማያውቃት ሴት ስም ወጣ። ዋይሳሌ ጭኑን መታ። ካሊዮቫ የሚስጥር ቁጥሩን በመጀመሪያው ሙከራ ተሳሳተ፣ በሁለተኛው ሄደለት።

ኡናይሲ እስክትመጣ ድረስ ከዛፉ ሥር አልተነሳም። ፍርሃቱ ከላከ በኋላ ባሰበት እንጂ አልቀለለውም። ቀሚሷ ውኃ እያንጠባጠበ ስትደርስ ሰላም ሳይላት ስልኩን እጇ ላይ አስቀመጠ፣ ነገሩን ነገራትና ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ደወለች። ረጅም ጊዜ አዳመጠች።

«መድኃኒቱ ተሰጥቷታል» አለች በመጨረሻ። «ዓይኗን ገልጣ ውኃ ጠይቃለች።»

ካሊዮቫ መሬት ተቀመጠ።

«ቅድም ስትደውል» አለች ኡናይሲ፣ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ፣ «ሳላኒዬታ ‹ወንድሜ፣ እኔ ነኝ፣ ድረስልኝ› ልትልህ አፏን ከፍታ ነበር።»

«እና?»

«‹ከተናገርኩ ይቺስ ሳላኒዬታ አይደለችም ብሎ ይዘጋዋል ብዬ፣ አፌን በእጄ ያዝኩ› አለችኝ።»