ሱቅ በደረቴ በጎማ ላይ

ዛሬ ጠዋት ሱቄን ስከፍት አንድ ልጅ በስኬቲንግ ጫማ ሲንገዳገድ መጣና ደጄ ላይ በጀርባው ተዘረረ። አወዳደቁን አወቅኩት፤ የእኔ ነው።

ከዓመታት በፊት ነቀምቴን ሳጥን በደረቴ አንጠልጥዬ የምዞር ሱቅ በደረቴ ነበርኩ። በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች እሁድ ጠዋት ቡርቃ ጃቶ ሰፈር አስፋልት ላይ ስኬቲንግ በነፃ ያስተምራሉ ሲባል፣ ለተመልካቹ ማስቲካና ሶፍት ልሸጥ ሄድኩ። የሚገዛ ጠፋ። ገዢ እስኪመጣ ብዬ ሳጥኔን ቆሎ ለሚሸጡት እናት ለአዴ ጫልቱ አደራ ሰጥቼ ጫማውን አጠለቅኩ።

ተነሳሁ፣ በጀርባዬ ወደቅኩ። ደግሜ ተነሳሁ፣ እንደዚያው። ልጆቹ "ሱቁ ተዘጋ!" እያሉ ሳቁብኝ። አሰልጣኙም "አንዴ ብቻ ድገምና ለተረኛ ታወልቃለህ" አለኝ።

አዴ ጫልቱ ጠሩኝ። "ኮቱ፣ ያ ጉርባ፤ ና ልጄ። አንተ ያለ ሳጥንህ መቆም መች ታውቃለህ? አንጠልጥለው።"

"ብወድቅስ? ያለኝ ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው።"

"ለእሱ ስትል አትወድቅም።"

ሳጥኑን አንገቴ ላይ አደረግኩ። ክብደቱ ወደፊት ሲስበኝ ጉልበቴ እንደ ሥራ ቀን ሸብረክ አለ። አስፋልቱን ከዳር እዳር ሄድኩት፤ አንዲት ማስቲካ አልወደቀችም። ሲስቁ የነበሩት አጨበጨቡ። ጭብጨባው ሳያባራ "ማስቲካ፣ ሶፍት" እያልኩ በመሃላቸው ዞርኩ።

"በሉ ግዙ፣ ሱቁ ተከፍቷል" አሏቸው አዴ ጫልቱ።

አሁን ሱቁ ከደረቴ ወርዶ ግድግዳና በር አለው። የወደቀው ልጅ ተነስቶ እንደገና ሲሞክር ግን፣ እኔ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኜ ጉልበቴ ሸብረክ አለ።