አንድ ጉርሻ ከትሪኒዳድ

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። መሪጌታ ቀለመ ወርቅን ያጠፋቸው አፋቸው ነው።

የድጓ ዜማ ምስክር ቤት በሆነችው በቤተ ልሔም ደብር ድጓ አስመስክረው፣ ከወገዳ ወዲያ ባለች አንዲት ደብር ሃያ ዓመት ወንበር ዘርግተው ካስተማሩ በኋላ፣ ለሦስት ዓመት አገልግሎት ወደ ትሪኒዳድ ደሴት ተላኩ። ጎረቤታቸው የሕንድ ዘር ያላት ባልቴት ነበረች፤ ቅድመ አያቶቿ ሸንኮራ አገዳ ሊቆርጡ በመርከብ ተጭነው የመጡ፣ እሷም በደጇ የቀርከሃ ዘንግ ላይ ቀይና ቢጫ ባንዲራ ሰቅላ ለአማልክቷ የምትጸልይ። መሪጌታን ትኩሳት በጣላቸው ጊዜ ሁለት ሳምንት ሙሉ በምስርና በሩዝ ያስታመመቻቸው እሷ ናት።

በሞተች በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ እንደኛ ተዝካር ላለ ጸሎት፣ መሪጌታ ወደ ሕንዶቹ ቤተ መቅደስ ሄደው ጫማቸውን አውልቀው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ልጇ ለአማልክቱ ቀርቦ ከጸሎቱ በኋላ የሚታደለውን ጣፋጭ ገንፎ በቅጠል አቀረበላቸው። እያለቀሱ ጎረሱ።

ይኸን ማን ጠየቃቸው? በተመለሱ በወሩ፣ በሚካኤል ማኅበር ላይ፣ «እስቲ የባሕር ማዶውን ያጫውቱን» ቢሏቸው፣ የባልቴቷን ደግነት ሊመሰክሩ ብለው ገንፎውንም አወሩት።

ጥጋቡ የሚባለው ተነሣ። ከቆሎ ተማሪነቱ ጀምሮ ያሳደጉት፣ ሲሄዱም ወንበራቸውን በአደራ የሰጡት ደቀ መዝሙራቸው ነው። «ለጣዖት ከተሠዋው አትብሉ ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ፣ የኔታ?» አለ። እውነት ነው፣ አስተምረውታል። ግን ሃይማኖት አንገብግቦት እንዳይመስላችሁ፤ ወንበሩ ጥሞት ነበር።

«ንስሐ እገባለሁ» አሉ መሪጌታ። «የፈለጋችሁትን ቀኖና ስጡኝ፤ ወንበሬን ብቻ አትንሡኝ።»

ቀኖናቸውን ቢጨርሱም የሚሰማቸው ጠፋ፤ ወንበሩም በጥጋቡ እጅ ቀረ። የጠጡበትን ብርጭቆ የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴው፣ ደጅ አውጥቶ ድንጋይ ላይ ከሰከሰው። ሚስታቸው ካሣነሽ እንኳ መሶቧን ለይታ በሰባራ ሰሐን ትሰጣቸው ጀመር። እግዜር ይይላት።

አሁን ከጉባኤ ቤቱ አጥር ሥር ነው የሚውሉት። ባለፈው ሰሞን አንድ ተማሪ ዜማውን ሲል ድምፅ ዝቅ የሚልበትን ድፋቱን ሳተ። አላስቻላቸውም።

«ድፋ፣ ልጄ! እዚያ ላይ ድፋ!» አሉ በአጥሩ በኩል።

ተማሪው አቃንቶ ደገመው። ጥጋቡ አስቆመው። መሪጌታ ልክ መሆናቸውን ያውቃል፤ እሱም ከእሳቸው አፍ ነው የተማረው።

«ሰውዬውን ተወው። ቅድም እንዳልከው በል» አለ።

ተማሪዎቹ ሁሉ ስሕተቱን በቃላቸው እስኪይዙት ድረስ አንድ ላይ ደጋገሙት። መሪጌታም ቁጭ ብለው ሰሙ።