የላምባው ግዝት

ባሌን ያበደ ውሻ የነከሰው በሐምሌ ወር፣ ከማሕሌት ወጥቶ ወደ ቤት ሲመጣ ነው። ውሻው የሰፈራችን ውሻ ነበር፤ ሁላችንም ፍርፋሪ እየጣልንለት የኖረ። የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ለሃጩን ሲያዝረበርብ አይቶ በዱላ ገደለው፤ ግን ቀድሞ ባሌን ነክሶታል። እሱ ባቱን በነጠላው ጠምጥሞ ገባና "ትንሽ ጫረኝ" አለኝ። ነጠላውን ስፈታው ደም ነው።

ያን ጊዜ ከተዳርኩ ዓመት አልሞላኝም። ባሌ የዜማ መምህር ነው፤ በሰው ፊት አንቱ እለዋለሁ፣ የተናደድኩ ቀን ግን አንተ ነው። ያን ቀን "አንተ፣ ተነስ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ" አልኩት። ተማሪዎቹ ፊት አንተ መባሉ ከውሻው ንክሻ በላይ ያመመው ይመስለኛል፤ ቢሆንም ተነሣ።

የሰፈራችን ሐኪም ቤት ሁለት ክፍል ያላት ትንሽ ቤት ነበረች። ያለውም አንድ ወጣት ድሬሰር ነው፤ እኛ ግን ሁላችንም ዶክተር እንለዋለን፣ እሱም አይቀየምም። ቁስሉን በሳሙና አጥቦ አጥቦ ሲያበቃ ለብቻዬ ጠራኝ። "ይህ በሽታ አንዴ ከተነሣ መድኃኒት የለውም። ሳይነሣ ነው መቅደም። በየቀኑ እምብርቱ ዙሪያ መርፌ ይወጋል፤ ሁለት ሳምንት ያህል ሳያቋርጥ። ካቋረጠ ግን ዋስትና አልሰጥሽም" አለኝ። መድኃኒቱ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣ ነው፤ በዚያ የክረምት ጭጋግ ሌላ ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ ሞኝ ነው። ጠበሉንም አልተውንም። ጠዋት ጠበል፣ ከዚያ መርፌ፣ ከዚያ ባሌ ሆዱን ይዞ እያቃሰተ ዜማ ያስተምራል።

መድኃኒቱ የሚቀመጥበትን ነጭ ሣጥን ያየሁት በሁለተኛው ቀን ነው። ድሬሰሩ ከፈተውና እጄን አስገባሁ፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ አሳየኝ፤ እሳት ይነዳል። እንደ ኩራዝ ያለ የላምባ እሳት፣ ከበላዩ በረዶ። የመብራት ገመድ ያን ጊዜ እኛ ሰፈር አልደረሰም፤ ሣጥኑ የሚሠራው በላምባ ብቻ ነው። "እሳቱ ከጠፋ መድኃኒቱ ይበላሻል" አለኝ። እኔ መቼም የቀለደብኝ መስሎኝ ነበር። እሳት ሲያበርድ ማን አይቶ ያውቃል?

ላምባ ደግሞ የሚመጣው ከአሥመራ ነው። በዚያ ሰሞን ሊማሊሞ ላይ ናዳ ወርዶ መንገዱን ዘጋው፤ በርሜል የጫኑት ማኪኖች ድብ ባሕር ላይ ቆመው ቀሩ። ይህ ለጎንደር ሰው ብርቅ አይደለም። ክረምት በመጣ ቁጥር መንገድ ይዘጋል፣ ሰው ያለውን ያብቃቃል፣ መንገድ ይከፈታል። ማንም አልደነገጠም። ላምባ የምትሸጥልን አንዲት ባልቴት ነበረች፣ ጣሊያን ትቶት በሄደ የጋራዥ ቤት ውስጥ ሱቅ ያላት። እውነቱን ለመናገር አልወዳትም ነበር። በሠርጌ ዕለት "ሙሽራዪቱ ሸጋ ናት፣ ምላሷ ግን ከእሷ ቀድሞ ገባ" ብላ አስቃብኛለች። ይሁን እንጂ መጋዘኗ ውስጥ በቂ በርሜል ነበራት፤ ለሰፈሩም ለሐኪም ቤቱም መንገድ እስኪከፈት ይበቃል።

ታዲያ እሑድ ቅዳሴ አለቀና የደብሩ አለቃ ተነሡ። አለቃ የባሌ የዜማ አስተማሪ የነበሩ፣ ደግ፣ የተማሩ ሰው ናቸው። አንድ ሁለት ነጋዴ ላምባ ደበቁ የሚል ወሬ ሰምተው ኖሮ፣ ድሃ እንዳይጎዳ ብለው፣ "ላምባ ገዝቶ ያከማቸ፣ ለድሃ የከለከለ፣ በአፈ ጴጥሮስ በአፈ ጳውሎስ ገዝቻለሁ" አሉ። ከዚያ ሴቱ ሁሉ ጎን ለጎን ተያየ። ላምባ መጉደሉን ያልሰማ ሁሉ በዚያች ቅጽበት ሰማ። መስቀል የተሳለመውም ያልተሳለመውም ነጠላውን እየሰበሰበ ወጣ።

ግዝትስ ይፈራ የለ ወይ ትሉኝ ይሆናል። ይፈራል። ነገር ግን እኛ ጎንደሬዎች ነን፤ ትርጓሜ የማናወጣለት ቃል የለም። ደብተራዎቹ ገና ደጀ ሰላሙን ሳይወጡ ጀመሩት። አንዱ "ያከማቸ ማለት በአንድ ዕቃ ያከማቸ ነው፤ በሦስት በአራት ዕቃ የከፈለውን አይመለከትም" አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ "አንድም፣ ለድሃ የከለከለ ነው የሚለው፤ ድሃ መጥቶ ካልጠየቀኝ ምኑን ከለከልሁ?" አለ። ሦስተኛው ምንም አልተረጎመም፤ እሱ እንዳይገዛ ሚስቱን ላከ።

ሱቁ በር ላይ የነበረውን ትርምስ ብታዩት። ሰው ገንቦ ይዟል፣ ቅል ይዟል፣ ጣሊያን የተወውን ጠርሙስ ይዟል። አንዷ ጎረቤቴ የጠላ ጋኗን ሁለት ሰው አሸክማ መጣች፤ እስከ መስቀል ድረስ የእሷን ጠላ የጠጣ ሁሉ ላምባ ላምባ ሲያገሳ ከረመ። እኔም ኩራዜን ይዤ ተሰልፌአለሁ። በመካከል ድሬሰሩ ጣሳ ይዞ መጣና "እባካችሁ አሳልፉኝ፣ የመድኃኒቱ ማቀዝቀዣ ላምባ ሊያልቅበት ነው" አለ። ከፊቴ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው፣ "ምነው ልጄ፣ ብርድ በላምባ ተገዝቶ ያውቃል? መብራት ፈልጌ ነው በል እንጂ" አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ "አያ፣ እውነቱን ነው፣ እኔ አይቻለሁ" ብል ማን ይስማኝ። ባልቴቲቱ በሰው ራስ ላይ ጣሳውን ተቀብላ ሞላችለት፤ ሰዉ አጉረመረመ።

ማክሰኞ ዕለት መጋዘኗ ውስጥ የቀረው አንድ በርሜል ነበር። ድሬሰሩ ይህን የነገረኝ ባሌን ሲወጋ ነው፤ ባሌ እንዳይሰማ በዓይኑ ጠቅሶ። መርፌው ገና ከግማሽ አላለፈም። ፈራሁ፤ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ያ ያበደ ውሻ አረፋ ሲደፍቅ አይቻለሁ፣ ሰውም እንደዚያ ሆኖ እንደሚሞት ሰምቻለሁ። እቤት ስንገባ ፍርሃቱ ንዴት ሆኖ ወጣና "የአንተ አለቃ በግዝታቸው ገደሉህ" አልኩት። እሱ የሚያስተምረውን እንኳ ሳያቋርጥ "የእግዚአብሔር ፈቃድ ይሁን" አለኝ። አንዳንዴ የደግ ሰው ሚስት መሆን ከክፉ ሰው ሚስትነት ይከፋል።

ጎረቤቶቼን በየቤታቸው እየገባሁ ላምባቸውን ልቀማቸው ስል ባልቴቲቱ ራሷ በሬ ላይ ደረሰች። "አንቺ ምላሰኛ፣ ነጠላሽን ልበሺ" አለችኝ። "የት?" ስላት "አለቃ ዘንድ ነዋ። ሰው ላይ ከምትጮኺ ምላስሽ አንድ ቀን እንኳ ይጥቀም" አለች። ለካ እሷ ድሬሰሩን ጠይቃ ኖሯል፤ የማን ሕይወት እዚያ ሣጥን ውስጥ እንዳለ ታውቃለች።

አለቃ መጽሐፋቸውን አጥፈው ሰሙን። እኔ ስለ ሣጥኑ፣ ስለ መርፌው ነገርኳቸው፤ እያለቀስኩ ነው የነገርኳቸው። ባልቴቲቱ ግን "አባቴ፣ አይቆጡኝ እንጂ፣ እርስዎ እስኪናገሩ ድረስ ሱቄ ሰላም ነበር" አለቻቸው።

አለቃ አልተቆጡም። "እንግዲያ ግዝቱን ልፍታው?" አሉ።

"ቢፈቱት ደግሞ አሁን ተፈቀደ ብለው ይመጣሉ።"

"ታዲያ ምን ብዬ ልንገራቸው?"

"ምንም አይንገሯቸው፣ አባቴ። ነገ ጠዋት ኩራዝዎን ይዘው ይምጡልኝ።"

በማግሥቱ ባልቴቲቱ ሱቋ በር ላይ ቆማ ሥርዓት አወጣች። "ከዛሬ ጀምሮ ዕቃ አልቀዳም። የምሞላው ኩራዝ ነው። ያለቀበት ነገም ይምጣ፣ እሞላለታለሁ፤ የትም አልሄድ።" ኩራዝ መቼም ከሆዱ በላይ አይጠጣም። አንዱ ሦስት ኩራዝ ይዞ ቢመጣ "ስንት ዓይን ኖሮህ ነው?" ብላ መለሰችው። ገንቦ የያዙት ሊነጫነጩ ሲሉ ሰልፉ ውስጥ አለቃ ቆመዋል። ካባ ለብሰው፣ ጥላ ይዘው፣ በዝናብ፣ በእጃቸው አንዲት የጠቀረሸች ኩራዝ። ተራ ልንለቅላቸው ብንል እምቢ አሉ። ተራቸው ደረሰ፣ አስሞሉ፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ብለው ሄዱ። በሚቀጥለውም ቀን መጡ። አለቃ ለዛሬ ብቻ ከያዙ ነገ አለ ማለት ነው ብሎ ሰዉ ገንቦውን እያስቀመጠ በኩራዝ ይመጣ ጀመር። ትርምሱ በረደ።

ድሬሰሩም የሣጥኑን የላምባ ዕቃ ፈትቶ አመጣው። ባልቴቲቱ "ይህም ኩራዝ ነው፤ የታመመ ሰው ኩራዝ" ብላ ከሰው ሁሉ ቀድማ ሞላችው። በሰልፉ ላይ ድሬሰሩን ያሾፉበት ሽማግሌ ግን ያኔም አላመኑም፤ ድሬሰሩን ተከትለው ሐኪም ቤት ሄዱ። ሲመለሱ መዳፋቸው ላይ የበረዶ ቁራጭ ይዘው እየሮጡ ነው፤ ውሃው በክርናቸው ይወርዳል። "እቴ፣ ይቅር በይኝ፤ እሳቱንም በረዶውንም በዓይኔ አየሁ" አሉኝ። ከዚያ ወዲያ የባሌ ነገር በሰፈሩ ያልደረሰበት ቤት የለም።

ይሁን እንጂ አንድ በርሜል አንድ በርሜል ነው፤ ተአምር አያውቅም። መንገዱ አልተከፈተም። የወሩ መድኃኔ ዓለም ዕለት ጠዋት በርሜሉን አጋድማ ስትቀዳ አየኋት። ባሌ ገና የሚወጋው መርፌ አለ። ላምባው ደግሞ አለ፤ በየጓዳው፣ በየገንቦው፣ ከጎረቤቶቼ አልጋ ሥር። ግን ማን ያወጣዋል? ያወጣ ሰው አከማችቼ ነበር ማለቱ ነው፤ ያከማቸ ደግሞ የተገዘተ ነው። አለቃ የፈሩት ድሃ እንዳይጎዳ ነበር፤ ግዝቱ አሁን ላምባውን ከነገዢው ቆልፎት ተቀመጠ።

ቅዳሴው ሲያልቅ አለቃ ተነሡ። እኔ ደግሞ ምን ሊሉ ነው ብዬ ተሳቀቅሁ። "በፊተኛው እሑድ የተናገርኩትን ቃል ልጆቼ እንደተረጎማችሁት ሰማሁ" አሉ፤ ደብተራዎቹ አንገታቸውን ደፉ። "ሸጋ ትርጓሜ ነው። እኔም አንድ ልጨምር። አንድም፣ ለሕሙም ብሎ ያስቀመጠ አላከማቸም፤ አደራ ጠበቀ ይባላል። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ አደራ ያስቀመጠ እንደሚኖር አውቃለሁና እግዚአብሔር ይስጥልኝ።" ይህን ብለው ተቀመጡ። ማንንም አልወቀሱም፣ ማንንም አልጠሩም።

በማግሥቱ ባሌን ይዤ ሐኪም ቤት ስደርስ በሩ አልታይ አለኝ። ገንቦ ነው፣ ቅል ነው፣ ጠርሙስ ነው፣ እስከ ደጃፉ ተደርድሯል። ያች የጠላ ጋንም አለች። ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ አንዳቸውም አያዩኝም፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። የጋኗ ባለቤት ብቻ ነጠላዋን አስተካክላ፣ "ለመምህሩ ብዬ ነበር ያስቀመጥሁት" አለችኝ። ውሸቷን ነው። እኔም ውሸቷን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሷም እንደማውቅ ታውቃለች። አንገቷን አቅፌ ሳምኳት፤ ከዚያ ሁሉንም በተራ ሳምኳቸው። ነጠላቸው ላምባ ላምባ ይሸት ነበር። ባሌ፣ ያ በመርፌ ያላለቀሰ ሰው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

የእሳቱ ነገር ከዚያ ወዲያ አላሳሰበንም። ድሬሰሩ የመጨረሻውን መርፌ ወግቶ "በቃ፣ ጨረስን" ሲል ባልቴቲቱ ከጎኔ ቆማ ነበር። ላመሰግናት አፌን ብከፍት ቃል አጣሁ። "ዛሬ ገና ዝም ስትዪ አየሁሽ" ብላኝ ሄደች። ማኪኖቹ ድብ ባሕርን ለቀው የገቡት ነሐሴ ከገባ በኋላ ነው። እኔ የሐኪም ቤቱን መድኃኒት አመሰግናለሁ፣ ጠበሉንም አመሰግናለሁ፤ ፈጣሪ በየትኛው እጅ እንደተጠቀመ እሱ ያውቃል። ያችን ክፉ ምላስ ያላትን ሴት፣ አለቃንና እነዚያን የገንቦ ባለቤቶች ግን እስካሁን በየስማቸው እየጠራሁ እጸልይላቸዋለሁ። ምክንያቱም ልጆቼ ሁሉ የተወለዱት ከዚያ ክረምት በኋላ ነው።