የእማማ ሩቂያ ጀሪካን

ነጋዴ ነኝና ዋጋውን አስቀድሜ ልናገር። ሁለት ጭልፋ ጥንስስ እንደ እናት የምናያቸውን ጎረቤት አሳጥቶናል፣ አባቴን ባልሠራው ሥራ አስወቅሶታል፣ የእኔን አፍ ደግሞ አሥራ አራት ዓመት ዘግቶታል። የእኔ አፍ ተዘግቶ ያየ ሰው ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ ብትፈልጉ አታገኙም፤ ባልዲና ጀሪካን የምሸጠው በአፌ ነው። ጥቅምት ሲገባ ግን ሸዋ በር ቆሜ ታክሲ ስጠብቅ፣ ጓቫ የሚሉትን የበሰለ ዘይቱን የጫነ ጋሪ መጥቶ አጠገቤ ይቆምና፣ ያ ጣፋጭም የተበላሸም የሚመስል ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ይገባል። ወዲያው የክሪክ ድምፅ ይሰማኛል፤ ቀስ ብሎ የሚያቃስት፣ ዘይት የተጠማ ክሪክ።

አባቴ ታደሰ አናጺ ነበር። ክረምት ላይ እንጨቱ ስለሚረጥብ ሥራው ይቀዘቅዝ ነበርና፣ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ስለማያውቅ የዘይቱን መጭመቂያውን ከአልጋ ሥር አውጥቶ ያድስ ነበር። መጭመቂያው በጎንና በጎኑ ክፍተት የተተወለት የዋንዛ ሣጥን ሲሆን፣ ከላይ ክዳኑን ወደ ታች የሚገፋው የአሮጌ ጭነት መኪና ክሪክ ነበር። እናቴ «ሰው መኪና ያነሣበታል፣ አንተ ዘይቱን ትጨፈልቅበታለህ» ትለው ነበር። እሱም «መኪና ሲኖረኝ አነሣበታለሁ» ብሎ ክሪኩን ዘይት ይቀባው ነበር።

ዘይቱኑ የእማማ ሩቂያ ነበር። እኛ ከከተማው ግንብ ውጭ ስንኖር፣ እሳቸው ሸዋ በርን ገባ ብሎ ባለች ጠባብ መንገድ ውስጥ ይኖሩ ነበር። ባላቸው ሞተው፣ ልጆቻቸው ድሬዳዋ ገብተው፣ ብቻቸውን ከቀሩ ቆይተዋል። ሶፊ ገጠር ባለችው ማሳቸው ዙሪያ ጎረቤቱ ሁሉ ፍራፍሬውን እየነቀለ ጫት ሲተክል፣ እሳቸው «ጫት ለእንግዳ ነው፣ ፍሬ ለልጅ ነው» እያሉ ዘጠኝ የዘይቱን ዛፍ አላስነካ ብለው ነበር። ልጅ የሚሉት እኔን ነበር መሰለኝ። የወደቀውን ለቅሜ ትምህርት ቤት በር ላይ እንደምሸጥ ስለሚያውቁ፣ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «ነጋዴው መጣ፣ ቆጥራችሁ ያዙ!» ይሉ ነበር።

ጥቅምት ላይ ዘይቱኑ በአህያ ተጭኖ ይመጣና፣ እናቴ አጥባ ትቆርጠው፣ እኔ በሙቀጫ እወቅጠው፣ አባቴ በጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥኑ ውስጥ ከትቶ ክሪኩን ይጠመዝዘው ነበር። ፍሬው የእሳቸው፣ ጉልበቱ የእኛ፣ ጭማቂው እኩል ነበር። የእሳቸው እኩሌታ እንደወረደ በጣፋጭነቱ ይጠጣል፤ የእኛ በስኳርና በጌሾ ጋን ውስጥ ገብቶ ለገና ጠጅ ይሆናል። ስለዚህ ሕግ ነበረ። ጨርቁ ሁለት ነው፤ የእሳቸውን ራሳቸው አጥበው ያመጡታል። መጀመሪያ የሚጨመቀው የእሳቸው ነው፤ ቢጫዋ ጀሪካናቸው ተከድና በራቸው እስክትደርስ ድረስ የእኛ ጋን አይከፈትም። እሳቸው ደግሞ ዱካ ላይ ተቀምጠው ይቆጣጠሩ ነበር።

«ታደሰ፣ እጅህን ታጥበሃል?»

«ሁለት ጊዜ፣ እማማ።»

«ሦስተኛ ታጠብ፤ አንተ ሰካራም!»

አባቴ በዓመት ሁለት ብርሌ የማይጨርስ ሰው ነበር። ቢሆንም ተነሥቶ ሄዶ ይታጠብ ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት በሞላኝ ጊዜ ረመዳን ከዘይቱኑ ወቅት ጋር ገጠመ። እማማ ሩቂያ ጭማቂያቸው በተጨመቀበት ዕለት «ጁምዓ ለኢፍጣር ከመስጊድ ሽማግሌዎች ጠርቻለሁ፤ ይኼ ነገር ደግሞ በሦስተኛው ቀን ይቆመጥጣል፤ እስከዚያ ቢቆይልኝ ምን ነበር» ብለው፣ ለከሰዓቱ የዓስር ሶላት ቀድመው ወጡ። አባቴም የተሠራ በር ሊያደርስ ሄደና «ጀሪካኗን አድርስላቸው» አለኝ። ብቻዬን ስቀር ማሰብ ጀመርኩ፤ የእሳቸው በሦስት ቀን ይበላሻል፣ የእኛ እስከ ፋሲካ ይቆያል፣ ልዩነቱ ጥንስሱ ነው። ጥንስሱ ከሰኞ ጀምሮ ጋኑ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። እንደሚያሰክር ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ የሚያሰክረው ጋን ሙሉ ሲሆን እንጂ ሁለት ጭልፋማ ቅቤ ላይ እንደሚጣል ቅመም ነው ብዬ ነው። ከፈትኩ፣ ቀዳሁ፣ ጨመርኩ፣ የጀሪካኗን ክዳን በሙሉ ጉልበቴ አጥብቄ ተሸክሜ አደረስኩላቸው። «አላህ ያሳድግህ» ብለው መረቁኝ። ምርቃቱን ሥራዬ ይገባዋል ብዬ ተቀበልኩት።

ጁምዓ ዕለት ሽማግሌዎቹ ጾማቸውን በቴምር ፈትተው እንደተቀመጡ፣ እማማ ሩቂያ ክዳኑን ነካ ሲያደርጉት ተፈናጥሮ ጣሪያ መታ፣ አረፋው ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ፣ ቤቱም ጠጅ ጠጅ ሸተተ። ይህን የሰማነው በማግስቱ ጠዋት ጀሪካኗን ይዘው ደጃችን ላይ ሲቆሙ ነው። እንደ ወትሮው አልገቡም።

«ታደሰ! ና አሽትት።»

አባቴ አሸተተ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ እኔ ጫማዬን አየሁ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ» አለ። «ዕቃ ተቀላቀለብኝ።»

«በረመዳን? በሽማግሌዎቹ ፊት? ወላሂ፣ ያንተ ዕቃ አይቀላቀልም። ንቀኸኝ ነው!» ጀሪካኗን መሬት ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

አባቴ የተቀረውን ሁሉ ከእኔ ሰምቶ ሲጨርስ አልመታኝም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። «የአንተ ሥራ ነው ብል ከቤታቸው ትቀራለህ» አለኝ። «እኔን ይቆጡኝ፤ እችለዋለሁ። ቁጣቸው ሲበርድ ግን ሄደህ የምትነግራቸው አንተ ነህ። እኔ አልነግርልህም።»

ገና ደረሰና ጋኑ ሲከፈት «ነገርካቸው?» አለኝ። «ነገ» አልኩት። በፋሲካም ጠየቀኝ፣ በፋሲካም ነገ አልኩት፤ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝም። እኔ እንደ ድሮው ቤታቸው እገባ ነበር፤ እሳቸውም ያበሉኝ ነበር፤ የአባቴን ስም ግን አያነሡም ነበር። ያንን ሳህን እያየሁ መናገር ከበደኝ፤ ስናገር ሳህኑ የሚነሣብኝ ይመስለኝ ነበር። አባቴም እንዳይሄድ፣ ቢሄድ ወይ ውሸቱን መድገም ወይ እኔን አሳልፎ መስጠት ነበረበትና ሁለቱንም ጠልቶ ቀረ። በቀጣዩ ጥቅምት አህያዋ አልመጣችም። መጭመቂያው ከአልጋ ሥር አልወጣም።

በስድስተኛው ዓመት ክረምት አባቴ በሳንባው ታሞ ሞተ። እማማ ሩቂያ በዝናብ መጥተው ድንኳን ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠው ዋሉ። ሲወጡ ክንዴን ያዙኝ።

«ልጄ፣ አባትህ በስድስት ዓመት አንድ ቀን መጥቶ ‹አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅርታ› ቢለኝ ምን ነበረበት? ጥቅምት በመጣ ቁጥር በሬን ክፍት እተወው ነበር እኮ።»

መናገሪያው ሰዓት ያ ነበር። እኔ «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩና ጃንጥላ ልፈልግላቸው ሄድኩ።

ሱቅ ከከፈትኩ በኋላ፣ አባቴ ከሞተ በስምንተኛው ዓመት፣ እማማ ሩቂያ አልጋ መያዛቸውን ሰማሁና ከጁስ ቤት የዘይቱን ጭማቂ በፕላስቲክ ኩባያ ይዤ ሄድኩ። መደቡ ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ስንት ጭልፋ?»

«ሁለት።»

«እንዲቆይልኝ ብለህ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ነጋዴው» ብለው ትንሽ ሳቁ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «አንተን አውፍ ብዬሃለሁ፤ ልጅ ነበርክ። ንጹሕ ሰው ላይ ደጄ ድረስ እስኪመጣ ብዬ ስኮራ የኖርኩት እኔ ነኝ። እኔን አውፍ ማለት ያለበት እሱ ነበር። አሁን ከማን ልለምን?»

ኩባያውን ወደ እሳቸው አስጠጋሁት። ጭማቂውን አልነኩትም። ረመዳን ሳይደርስ ሞቱ።

ዛሬ ዘይቱን ለመጭመቅ ጥቅምትን መጠበቅ የለም፤ ጁስ ቤቱ በአንድ ደቂቃ ፈጭቶ ይሰጥሃል፤ እጅህን ታጥበሃል ወይ ብሎ የሚጠይቅም የለም። የሶፊዋ ማሳ ጫት ሆናለች። መጭመቂያው ሱቄ ውስጥ ከጀሪካኖቹ ኋላ ተቀምጧል፤ ባለፈው አንድ ሾፌር ክሪኩን ካልሸጥክልኝ ብሎ ሲለምነኝ ውሎ ሄደ። በሕይወቴ ዋጋ ያልጠራሁለት ዕቃ እሱ ብቻ ነው። ሰው ጀሪካን ሲገዛ ክዳኑ ጥብቅ እንደሆነ ይጠይቀኛል። ጥብቅ ነው እላለሁ።

የመጨረሻው ሂሳብ ይኼ ነው፤ እኔ ይቅር ተብያለሁ። አባቴና እማማ ሩቂያ ሳይታረቁ ሞተዋል።