መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለው አድራሻ

ኢርማ ፔነር አድልዎ አትወድም። ቲል ሐይቅ ዳር ባለው የመዝናኛ ካምፕ መጥቶ የሚሰፍር ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ገሚሱ በወሬ፣ ገሚሱ ደግሞ ቀምሶት። ውሻውን ያላሰረ፣ እርጥብ ዛፍ ቆርጦ ያነደደ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ሙዚቃ የከፈተ፣ የገዛ ወንድሟም ቢሆን አትምረውም። እንዲያውም ወንድሟን አንድ በጋ ዕቃውን አስጠቅልላ ሸኝታዋለች፤ ሰውየው እስከ ዛሬ ባገኘው ሰው ፊት ያማታል።

ያደገችው እንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ አጠገብ ነው። ባሏ ሩዲ ዕድሜውን ሙሉ በከባድ መኪና ግንድ ሲያመላልስ ኖሮ፣ ጡረታ በወጣ በዓመቱ ልቡ ቀጥ አለ። ኢርማ ስታለቅስ ከረመችና ቤቷን ሸጣ፣ አልጋና ምድጃ ያለው የመኪና ቤት ገዛች። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት፣ በረዶ ቀልጦ መንገዱ ሲከፈት ትመጣለች፤ የካምፑ መግቢያ ላይ ቤቷን አቁማ እንግዳ ትቀበላለች፣ ማገዶ ትሸጣለች፣ ሽንት ቤት ታጥባለች። ደመወዝ የለውም፤ ማረፊያው ብቻ በነፃ ነው። እሷ ግን ዳኛ የተሾመች ያህል ትኮራበት ነበር።

ወረርሽኙ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ አገሩ በጤና ቀጠና ተከፋፍሎ ሰው ከሚኖርበት ቀጠና ወጥቶ እንዳይዝናና ተከለከለ። ካምፑ የሚቀበለው የቀጠናውን ሰው ብቻ ሆነ፤ ማን የየት እንደሆነ የሚለየው ደግሞ መንጃ ፈቃዱ ላይ በተጻፈው አድራሻ ነው። ኢርማ ማስኳን አጥልቃ በር ላይ ቆመች።

ከቅዳሜ እስከ ሰኞ ቢሮ የሚዘጋበት በዓል ዋዜማ፣ ዓርብ ከሰዓት፣ በሌላ ቀጠና ካለች የባሕር ጠረፍ ከተማ ሁለት ልጆች ይዞ የመጣ አንድ ወጣት አባት መለሰች።

«አምስት ሰዓት ነድቻለሁ እኮ» አላት። «ልጆቹ ዓመት ሙሉ ከቤት አልወጡም። እርስዎ ልጅ የለዎትም?»

«ሕጉን እኔ አላወጣሁትም፤ አዝናለሁ።»

ሰውየው መኪናውን ወደ ጥግ አውጥቶ ለልጆቹ ዳቦ ማደል ጀመረ። ዓይኑ ግን እሷ ላይ ነው። የክላረንስ ሆልት መኪና ተጎታች ቤቱን እየሳበ ከች ያለው ይሄኔ ነው።

ክላረንስና ሚስቱ ቬልማ እንደ ኢርማ ቤታቸውን ሸጠው መንገድ ላይ መኖር ከጀመሩ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ድንበር ከመዘጋቱ በፊት በረዷማውን ክረምት ከድንበሩ ማዶ ሞቃቱ አሪዞና፣ በጋውን ቲል ሐይቅ ነበሩ። ያለፈውን ክረምት እዚሁ ቀጠና ውስጥ፣ ከሐይቁ አርባ ደቂቃ ርቆ ባለ የወዳጅ እርሻ ላይ አሳለፉ፤ አሁን የባለ እርሻው ልጅ ከነቤተሰቧ ስለተመለሰች ቦታውን ለቀቁ። ታዲያ ቤት የሌለው ሰውም መንጃ ፈቃዱ ላይ አድራሻ ማስጻፍ አለበት። በዚህ ኑሮ ያለ ሁሉ ደብዳቤ የሚቀበልለትን ዘመድ አድራሻ ነው የሚያስጻፈው። እነ ክላረንስ የልጃቸውን የዳግን አስጻፉ፤ ዳግ የሚኖረው ያችው የባሕር ጠረፍ ከተማ ነው። ኢርማም ያስጻፈችው የእህቷን ነው፤ እህቷ እዚሁ ቀጠና ውስጥ መሆኗ ዕድል እንጂ ብልጠት አይደለም።

«ኢርማ! አለሽ እንዴ እስካሁን?» አለ ክላረንስ በመስኮቱ።

«አንተን ሳልቀብር የት እሄዳለሁ።»

ቬልማ ከጎኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልላለች። ፊቷ ከስቶ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። «ማስኩ ያምርብሻል» አለቻት። «ድሮም መልበስ ነበረብሽ።»

ኢርማ ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልቆየም። ክላረንስ ወርዶ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ሐኪሙ በጋውን አትጨርስም ብሏል። ሆስፒታል አልሞትም፣ ሐይቁ ዳር ውሰደኝ አለችኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም።»

ኢርማ የእነሱን ኑሮ እንደ ራሷ ኑሮ ታውቀዋለች። ዳግ ጋ መኝታ እንኳ እንደሌላቸው ታውቃለች። ዞር ስትል ወጣቱ አባት ዳቦውን በእጁ እንደያዘ ያያታል።

«መንጃ ፈቃድህን» አለች።

«የዳግ አድራሻ እንደሆነ ታውቂ የለም እንዴ?»

«አውቃለሁ። ያንን ሰው ግን አሁን መለስኩት። አንተን ባስገባ ምን እለዋለሁ? ማክሰኞ ቢሮ ሲከፈት ደውዬ እጠይቅልሃለሁ፤ እስከዚያ ዳግ ጋ ቆዩ። አራት ቀን ነው።»

«አራት ቀን» አለ ክላረንስ።

«ተዋት፤ ሥራዋ ነው» አለች ቬልማ ከውስጥ።

መኪናው ዞሮ ሄደ። ወጣቱ አባትም ተከትሎ ወጣ። ኢርማ ያን ቀን ራት አልበላላትም፤ ቢሆንም ትክክል ሠርቻለሁ ብላ ተኛች።

ማክሰኞ ቢሮው እንደተከፈተ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ነገሩን አላወሳሰበችውም፤ ዓመቱን ሙሉ ተጎታች ውስጥ የሚኖር ሰው ቤቱ ተጎታቹ ነው፣ ቀጠናው ውስጥ ከከረመ የቀጠናው ሰው ነው፣ አስገቢያቸው አለቻት። ኢርማ ወዲያው ወደ ክላረንስ ደወለች። ያነሳው ዳግ ነው።

«እናቴ እሑድ አረፈች» አላት። «ተጎታቹን ከጋራዡ ፊት ነበር ያቆምነው። ጎረቤት በሞተር ሣር ሲያጭድ መስኮቱን ዝጉልኝ አለች፣ ዘጋንላት።»

ኢርማ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ሽንት ቤቶቹን ንጹሕ ሆነው ሳለ እንደገና አጠበቻቸው። እየተንሰቀሰቀች ነበር የምታጥበው። አራት ቀን ብላ የሰጠችው እሷ ናት፤ ቬልማ የነበራት ሁለት ብቻ ነበር።

ሰኔ አጋማሽ ላይ ክልከላው ተነሣ። በሳምንቱ ክላረንስ ብቻውን መጣ። ሰላም አላት፣ ቦታ ጠየቃት፣ የት መሆኑን ጠቆመችው። ይቅርታ ልትለው ሳምንት ሙሉ ያሰናዳችውን ንግግር ትታ መኪናውን ተከትላ ሄደች።

ተጎታች ቤት ወደ ኋላ ገፍቶ ዛፍ መሐል ማስገባት የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ከኋላ ቆሞ በእጁ ይመራል። በእኛ በመንገድ ላይ በምንኖረው ዘንድ መሪዋ ሚስት ናት፤ ቬልማም ዘጠኝ ዓመት እየጮኸችም እየሰደበችም መርታዋለች። ኢርማ ሮጣ ከኋላ ቆመችና ሁለት እጆቿን አነሣች።

«ና፣ ና! ወደ ግራህ!»

ክላረንስ መኪናውን አቆመ። ወርዶ እስከ ኋላ መጣ፤ ዛፉን አየ፣ ጎማውን አየ።

«ተይው ኢርማ» አለ በቀስታ። «ራሴ አያለሁ።»

ተመልሶ ገባ፣ አንድ እርምጃ ያህል ገፋ፣ አቆመ፣ ወርዶ አየ፣ ደግሞ ገባ። ከጎን ያሉት ሰፋሪዎች ማየት እያሳፈራቸው ፊታቸውን አዞሩ። ኢርማ አልሄደችም። ክላረንስ አሥር ጊዜ ወጥቶ አሥር ጊዜ እስኪገባ ድረስ፣ እጆቿን ምን እንደምታደርጋቸው ጠፍቷት እዚያው ቆማ ነበር።