በካሊኮ ጣውላ ሥር የሚገኘው አሸዋ

ኢዋላኒ ቤት እግርን ሳይታጠቡ መግባት ነውር ነው፤ ማዕበል የሚጋልቡበትን ጣውላ ሳያጥቡ ማስገባት ግን ጠብ ነው። በባሕር ዳሯ መንደር በማካሃ የተወለደ ሁሉ ይህን ያውቃል። የማያውቅ እንግዳ ቢመጣም ስትጮህበት ይማራል። «ስማ! ጨውህን ተሸክመህ ወዴት ነው? ቧንቧው እዚያ አለልህ!»

ቤቷ እንደ ጎረቤቶቿ ቤት በአጫጭር ምሰሶዎች ላይ የቆመ ነው። ከወለሉ ሥር ባለው ጥላ ረጃጅሞቹ ጣውላዎች አሮጌ ምንጣፍ በተጠቀለለባቸው አግዳሚዎች ላይ ተጋድመዋል። አጫጭሮቹ ከሆዳቸው የወጣውን ስለታም ክንፋቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው በጎን በኩል ቆመዋል፤ ያልዞረ ክንፍ የአላፊ አግዳሚውን ቅልጥም ይልጣላ! የእግር ማሰሪያ ገመዶቹ ተጠቅልለው ምስማር ላይ ይውላሉ። እግር እንዳያንሸራትት ጣውላው ላይ የሚቀባው ሰም ደግሞ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ሆኖ ፀሐይ በማይደርስበት ጥግ ይቀመጣል። ሴትዮዋ ዓይኗን ብትጨፍን እንኳ የቱ ጣውላ የት እንዳለ በእጇ ዳብሳ ትነግርሃለች።

ከቤት ሥር ያለውን ጣውላ ማንም ሳይጠይቅ ይወስዳል። ባሏ ካሊኮ ከአባቱ የወረሰው ልማድ ነው፣ እሷም አላፈረሰችውም። ታጥቦ ይመለስ፣ በቦታው ይግባ፣ አለቀ። በቦታው ካልገባ ግን እግዜር ይሁነው፤ ያን ሰው ገበያ መሃል ብታገኘውም አትምረውም።

አንድ ጣውላ ብቻ ከዚህ ልማድ ውጭ ነበር፤ እሱም ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል። ካሊኮ ራሱ ከኮዋ ዛፍ ጠርቦ የሠራው ነው። ሰውዬው ልቡ ቀጥ ብሎ ካረፈ ሦስት ዓመቱ። የመጨረሻውን ማዕበል ጋልቦ የተመለሰ ዕለት ጣውላውን ግድግዳ ላይ አስደገፈው፣ እሱም ዳግመኛ አልነካውም። ከቀብሩ በኋላ ኢዋላኒ የጣውላውን ፊት ወደ ታች አዙራ በሁለት ገመድ ጣሪያው ላይ ሰቀለችው። ምንጣፏ ላይ በጀርባዋ ስትተኛ በሰሙ ላይ የታተሙት ሁለት እግሮቹ ቁልጭ ብለው ይታዩዋታል፣ የአውራ ጣቱ ጉድጓድ ሳይቀር።

ልጇ ሃውናኒ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት። እሷም ባሕር ካልገባች ቀኑ የማይመሽላት ዓይነት ነች። ክረምት ገብቶ ትላልቆቹ ማዕበሎች መምጣት ሲጀምሩ በየዓመቱ ትጠይቃለች። «እማ፣ የአባዬን ጣውላ አንዴ ብቻ...»

«የእግሩን ምልክት ልታጠፊው? እኔ በቁሜ አይደረግም! ከሥር ስንት ጣውላ አለልሽ።»

ሃውናኒም ከሥር አንዱን መዝዛ ወደ ባሕሩ ትወርዳለች። እስከ ከርሞ አንዳቸውም አያነሱትም።

እንግዲህ አሸዋው የታየው በዚህ መሃል ነው። ጠዋት ሳሎኑን ስትጠርግ በተሰቀለው ጣውላ ሥር እፍኝ የማትሞላ አሸዋ አገኘች። ማካሃ ውስጥ አሸዋ የሌለበት ወለል የለም፤ ማንም ጎንበስ ብሎ አያየውም፣ ጠርጎ ይጥለዋል። እሷም ጠርጋ ጣለችው። በማግስቱ እዚያው ቦታ ላይ ሌላ አገኘች። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። መጥረጊያዋን ይዛ ቀና ብላ ጣውላውን አየችው። ሦስት ዓመት ባሕር ያልነካ ጣውላ አሸዋ ከየት አምጥቶ ያራግፋል?

ደሟ ፈላ። ሃውናኒ ከሥራ ስትገባ በር ላይ ጠበቀቻት። «እኔ ገበያ ስሄድ ነው የምታወጪው?»

«ምኑን?»

«ምኑን ትለኛለች ደግሞ! አሸዋው ከየት መጣ?»

«እማ፣ ሳልጠይቅሽ እነካዋለሁ?» አለች ልጅቱ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ወደ ጓዳ ገባች።

ኢዋላኒ አላመነቻትም። ገመዶቹ ላይ ክር አሰረች፤ ክሩ ሳይነካ አሸዋው ወረደ። ሰሙን አየች፤ እግሮቹ እንደነበሩ ናቸው። ወይ ጉድ! ጥቂት ቅንጣት ጣቷ ላይ አድርጋ መስኮት አጠገብ አየችው። የማካሃ አሸዋ ሻካራ ነው፣ የዛጎል ስብርባሪ አለው፤ ይሄ ግን ቡናማ ነው፣ ሁሉም ቅንጣት በአንድ ልክ የተፈለፈለ ይመስላል። የባሕር ከሆነ ጨው አለው ብላ ምላሷ ላይ ጣል አደረገችው። ጨው የለውም።

ሰው ግራ ሲገባው የሚያስበው አያልቅበትም። እያደር ነገሩ ሌላ መልክ ያዘባት። ካሊኮ ይሆናል አለች በልቧ። ሰው በማያይበት ሰዓት ጣውላውን እያወረደ ይሄድ ይሆናል፤ የሞተ ሰው በየትኛው ባሕር እንደሚጋልብ ማን ያውቃል፣ አሸዋውም ያለ ጨው ሊሆን ይችላል። ስትጠርግ ታናግረው ጀመር። «ዛሬስ እንዴት ነበር ማዕበሉ?» ትለዋለች። ደስ አላት፣ ምን ይደበቃል! ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሏት አያውቅም።

ሮጀልዮ የሚባለው ፊሊፒናዊ ጎረቤቷ፣ የካሊኮ የባሕር ጓደኛ፣ ዓሣ ይዞላት ሲመጣ መጥረጊያውን ይዛ ስታወራ ደረሰባት። አፍራ ሁሉንም ነገረችው። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ከወለሉ ቆንጠር አደረገና ፊቱ ተለወጠ።

«ጨው የለውም ነው ያልሽው? በምን አወቅሽ?»

«ቀምሼዋ!»

ሮጀልዮ የበሩን መቃን ይዞ እስኪያነባ ሳቀ። «አንቺ ሴትዮ! የምስጥ ኩስ ነው እኮ የቀመስሽው!»

እሷም መጀመሪያ ሳቀች፣ ደግሞም በመስኮት ተፋች። ቀጥሎ ግን «እኔ እኮ... እሱ መስሎኝ ነበር» አለችና እዚያው ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሮጀልዮ መሳቁ ቆጨው። ዓሣውን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ይዞት ቆመ።

ኋላ ምስጡ ውስጡን የት ድረስ እንደበላው ለማወቅ ጣውላውን በጣቱ እያንኳኳ ዳር እስከ ዳር ሄደበት። አንዳንዱ ቦታ ድፍን ድምፅ ይሰጣል፣ ጭራው አካባቢ ግን ባዶ ቅል ይመስላል። «ገና ነው፣ ይድናል» አላት። «በጥቁር ላስቲክ ጠቅልለን ፀሐይ ላይ እናስተኛዋለን። ውስጡ እንደ ምድጃ ሲግል ያልቁልሻል።»

«ሰሙስ?»

ሮጀልዮ ወለሉን አየ። «ሰሙማ ይቀልጣል።»

«በብርድ አይሞቱም? ያ የዓሣ ማቀዝቀዣህስ?»

«ይሞታሉ፤ ግን ይህን የሚያክል ማቀዝቀዣ ከየት ይምጣ? እኔና አንቺ ራስና እግር ገጥመን ብንተኛ እንኳ አንደርስበትም።» ሌላ ቀን ቢሆን ለዚህ ንግግሩ የሚገባውን ታቀምሰው ነበር። አሁን ዓይኗ ጣውላው ላይ ነበር። «ተወው ካልሽኝም ጣውላውንም እግሩንም ይበሉልሻል» አለ፤ «ከዚያ ደግሞ ጣሪያሽ ላይ ይወጣሉ።»

«እስከ ነገ ላስብበት» አለችው።

ሃውናኒ ማታ ገብታ ሰማች። አልለመነችም። «እማ፣ አንቺ ያልሽው ይሁን» አለች ብቻ። ኢዋላኒ የልጇን እጅ ያዘች፤ የሳሙናው ኬሚካል የላጠው እጅ ነው። «በከንቱ ጠረጠርኩሽ፣ ይቅር በይኝ» አለቻት።

በማግስቱ ፀሐይዋ ስትጠነክር ሦስት ሆነው አውርደው ሣሩ ላይ አስተኙት። ሮጀልዮ ላስቲኩን ሲዘረጋ ኢዋላኒ «ቆይ» አለች። ነጠላ ጫማዋን አወለቀችና ጣውላው ላይ ወጣች። እግሮቿን በካሊኮ እግሮች ውስጥ አደረገች፤ በጣም ሰፏት። እሷ ስትጋልብ ግራዋን ነበር የምታስቀድመው፣ እሱ ግን ቀኙን ነበር፤ ሚዛኗ ጠፋና የልጇን ትከሻ ያዘች። ቀኙን እንደሚያስቀድም ሰው ሁሉ ያውቃል። እንዲያ ሲቆም ምን እንደሚያይ ግን አስባው አታውቅም። ጋላቢ በጎኑ ስለሚቆም የሚያየውን የሚወስነው ያስቀደመው እግር ነው፤ የማካሃ ማዕበል ደግሞ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው። በዚያ ሁሉ ዘመን አብረው ሲጋልቡ እሷ ፊቷ ወደ ማዕበሉ ነበር፤ እሱ ለማዕበሉ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ዳርቻው ነበር የሚያየው። ወልዳ ባሕር መግባት ያቆመች ጊዜ ዳርቻው ላይ ልጇን ታቅፋ የምትቀመጥበት ቦታ ትዝ አላት።

«እኔን ነበር የሚያየኝ ለካ» አለች። ወረደችና «በቃ፣ ጠቅልሉት» አለቻቸው።

ላስቲኩ ሲፈታ ሰሙ ወደ ዳር ዳሩ ፈስሶ ተጠራቅሟል። ጣውላው ገና ተጠርቦ እንዳለቀ ዕለት ልስልስ ብሏል። ምልክት ይኖር እንደሆን ብላ በመዳፏ ደጋግማ ዳሰሰችው። ምንም የለም። «ይኸው ሄደ!» ብላ ጮኸች፣ እንደ ቀብሩ ዕለት። ማንም አላባበላትም። አልቅሳ ሲወጣላት ተነሥታ አዲስ ሰም አመጣችና ለሃውናኒ ወረወረችላት። «ምን ትጠብቂያለሽ? ባዶውን ያንሸራትትሻል፣ ቀቢው።»

ምስጡ የበሳውን ቀዳዳ ሮጀልዮ በሙጫ ሞልቶ ሲደርቅ፣ ጣውላው ባሕር ወረደ። ኢዋላኒ ባሏ ከሞተ ወዲህ ረግጣው የማታውቀው ዳርቻ ላይ ተቀመጠች። ሃውናኒ ሁለት ማዕበል አሳለፈች። በሦስተኛው ቀዘፈች፣ ብድግ አለች፣ ቀኟን አስቀደመች። ጀርባዋን ለማዕበሉ ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ዳርቻው አድርጋ መጣች።

ሮጀልዮ ሳያስበው ዘሎ ተነሣ። «ካሊኮ! ካሊኮ!» እያለ ጮኸ።

«ዝም በል፣ ልጄ ናት» አለች ኢዋላኒ። ሃውናኒ እናቷን አይታ እጇን አነሣች፤ ኢዋላኒም እያለቀሰች ሁለት እጇን አነሣችላት።