የስልሳ ሦስት ሰዎች ፊርማ

“መቀስ” የሚል ቅጽል የወጣላት በልብስ ሰፊነቷ ብቻ አይደለም፤ አፏም አይምርም። የምትሠራው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። የበረራ ማሠልጠኛው ትንንሽ አውሮፕላኖች ከጣሪያዋ በላይ ዝቅ ብለው በተመላለሱ ቁጥር ጠረጴዛዋ ላይ ያለው የመርፌ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል።

አንድ ቀን ምርር ሲላት የበረራው መስመር እንዲዛወር ለአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ ማመልከቻ ጻፈችና ቤት ለቤት ዞራ የስልሳ ሦስት ሰዎች ፊርማ ሰበሰበች። ሦስተኛዋ ፈራሚ የጓሮ ጎረቤቷ፣ ጡረተኛዋ አዋላጅ ነበሩ።

“ልብስ ሳሰጣ አብራሪውን ፊት ለፊት ነው የማየው” አሉ እየሳቁ። “ትንሽ ዝቅ ቢልልኝ መቆንጠጫ ያቀብለኝ ነበር።”

ማመልከቻውን እንዲያስገባው ያስረከበችው ለታላቅ ወንድሟ ነው፤ የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ እሱ ነበር። እናታቸው ስትሞት እሷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ጸጉሯን ሳይቀር እያበጠረ ያሳደጋት፣ የመጀመሪያዋን የስፌት መኪና በጀርባው ተሸክሞ ያመጣላት እሱ ነው። ስለዚህ “አስገብቼዋለሁ፤ መልስ እየጠበቅን ነው” ሲላት ጥርጣሬ አልገባትም። በየሳምንቱ ትጠይቀዋለች፤ በየሳምንቱ ያንኑ ይነግራታል።

በአምስተኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ቀሚስ ላይ ዚፕ እየገጠመች ሳለ የለመደችው ጩኸት ከአናቷ በላይ ቀጥ አለ። ቀና ያደረጋት ዝምታው ነው። ወዲያው የክፍሏ መስታወት ረገፈ። ሮጣ ስትወጣ የአዋላጇ ማድቤት የለም፤ የአውሮፕላኑ ክንፍ ከልብስ መስጫው ሽቦ ጋር ተጠላልፎ ይጨሳል። ተለማማጅ አብራሪውም አዋላጇም እዚያው ሞቱ።

ከቀብሩ በኋላ ከአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ መርማሪዎች ሲመጡ ማንም ሳይጠራት ሄደች። “አስቀድመን በጽሑፍ አስጠንቅቀን ነበር” አለቻቸው። መነጽር ያደረገችው መርማሪ የመሥሪያ ቤታቸውን የገቢ ደብዳቤ መዝገብ አስመጥታ ገጽ በገጽ አየችው።

“እህቴ፣ ከእናንተ ሰፈር አንድም ደብዳቤ አልገባም።”

“እንደገና እዪው። ያስገባው ወንድሜ ነው።”

እንደገና አየችው። የለም።

መቀስ ከዚያ ቀጥታ ወንድሟ ቤት ሄደች። ሬዲዮ እያዳመጠ ነበር።

“ወንድም ጋሼ፣ ማመልከቻውን የት አደረስከው?”

“አሁን እሱ ምን ያደርግልሻል?”

“የት ነው ያለው?”

ሚስቱ ሬዲዮውን ዘጋችው። እሱም ተነስቶ ከቁም ሳጥኑ መሳቢያ ፖስታውን አወጣ። መቀስ ራሷ እንዳሸገችው ነው፤ አልተከፈተም።

“ልጄ ማሠልጠኛው ቢሮ ሥራ የጀመረችው በዚያው ሳምንት ነው” አለ። “የአባቷን ስም ከአቤቱታ ሥር ቢያዩት ያባርሯታል ብዬ ፈራሁ። ትንሽ ይቆይ አልኩ እንጂ ላስቀረው አልነበረም።”

“መልስ እየጠበቅን ነው አልከኝ። አምስት ወር ሙሉ ዓይን ዓይኔን እያየህ!”

“ሰው ይሞታል ብዬ መች አሰብኩ?”

“እኔ አስቤ ነበር። ጽፌም ሰጥቼህ ነበር።”

“በይ እንግዲህ እዚሁ ይቅር። ለማንም አታውሪ። ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ።”

ፖስታውን ከእጁ ተቀብላ ወጣች። የአዋላጇ ባል ዘንድ ሄደች። ሽማግሌው ወረቀቱን ዘርግተው የሚስታቸውን ፊርማ በጣታቸው ፈለጉት።

“ይኼው፣ ይቺ ጅራታም ፊርማዋ” አሉ። “ታዲያ ምን ብለው መለሱላችሁ?”

“አልደረሳቸውም፣ አባባ። ወንድሜ ደብቆት ነበር።”

ሽማግሌው ወረቀቱን መልሰው በቀስታ አጠፉት። ከዚያም እጇ ላይ አኖሩላት። ከስድብ የባሰ ሆነባት።

በማግስቱ ማመልከቻውን ለመርማሪዋ ሰጠቻት። “ቀድሞ ደርሶን ቢሆን አደጋው ይቀር እንደሆነ እኔም አላውቅም” አለቻት መርማሪዋ። ያም ሆኖ የበረራው መስመር ወደ ወንዙ ማዶ ተዛወረ፤ ወንድሟም ከኮሚቴው ወረደ። ሰፈሩ ግን ለሁለት ተከፈለ። “ወንድሟን አሳልፋ ሰጠች” የሚሏት አሉ። መቀስ፣ ያ ሁሉ አፍ እያላት፣ ለነሱ አትመልስም።

ባለፈው ሳምንት ወንድሟ ራሱ መጥቶ ደጃፏ ላይ ቆመ። ከስቷል።

“ደህና ነሽ?”

“ደህና ነኝ። እርስዎስ?”

ዕድሜዋን ሙሉ “አንተ” ስትለው የኖረች እህቱ ናት። ቃሉን ሲሰማ ፊቱ ልውጥ አለ። ዞሮ ሄደ። እሷም የጀመረችውን እጅጌ መስፋት ፈልጋ ነበር፤ ግን እስኪመሽ ድረስ መርፌ እንኳ አላነሳችም።